ካርድ፣ ክበብና ማትሪክ፦ ከጎንደር ተማሪዎችና ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ጥምቀት አልፎ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀምር ጥያቄ ይበዛብኛል። ፒያሳ ባጃጅ ስጠብቅ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ወላጅ ካርድ አውጥቶ ያሳየኛል። «መምህር፣ ይሄ ውጤት ያስገባዋል?» ይለኛል። ቆሜ የምመልሰው መልስ ሁልጊዜ ይጎድላል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የካርድ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ምደባ ይደመራል?

አይደመርም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሠራው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና (በማትሪክ) ውጤት ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንደኛ የወጣችውም፣ ከክፍሉ መሐል የነበረውም ፈተናው ላይ እኩል ከዜሮ ይጀምራሉ።

ወላጆች እዚህ ላይ የሚደናገሩት በእነሱ ጊዜ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለነበረ ነው። ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሁን ማጥለያው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ።

ካርዱ የግድ የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ የፈተናው ምዝገባ። የአራቱም ዓመት ማስረጃ የተሟላ መሆን አለበት። ከወረዳ ወደ ከተማ ተዛውራችሁ የመጣችሁ ልጆች በተለይ ይሄን ልብ በሉ። 12ኛ ክፍል ደርሶ፣ ጥር ላይ፣ የ9ኛ ክፍል ውጤቱን ፍለጋ አርማጭሆ ድረስ የሄደ ተማሪ ነበረኝ። ሌሎቹ ሲያጠኑ እሱ መኪና ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት አለፈው።

ካልተደመረ ታዲያ ለካርድ ለምን እጨነቃለሁ?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄኛው ያሳስበኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎበዝ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ካርዷ ላይ ሒሳብ 96 ይላል። የብሔራዊ ፈተናው ውጤት የወጣ ቀን ስልኳን ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። ሒሳብ፣ 38። «መምህር፣ የኔ ወረቀት ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ይሆን?» አለችኝ። አልተቀያየረም። 96ቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። የማርክ መዝገቤን አውጥቼ አየሁት። 20ው የቡድን ሥራ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ማን እንደሠራው አልጠየቅሁም። 10ሩ የደብተር ነው። ፋይናሉ ደግሞ ከክለሳ ጥያቄዎቹ ቁጥሩ እንኳን ሳይቀየር የተወሰደ ነበር። ልጅቷ የሸመደደችውን በትክክል መለሰች። አዲስ ጥያቄ ግን እኔ አንድም ቀን አላሳየኋትም።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ክለሳ ላይ ያለ ጥያቄ እንዳለ ፋይናል ላይ አላስገባም። ማርኬ ዝቅ ብሏል፤ ወላጅም ይቆጣል። ግድ የለም፣ ይቆጣ።

እና ካርድ የሚጠቅመው እንደ ቴርሞሜትር ነው። እውነቱን ከነገራችሁ ገና 9ኛ ክፍል ላይ የት እንደምትደክሙ ታውቃላችሁ። ካባበላችሁ ግን የምትነቁት ሐምሌ ላይ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይወጣም፤ ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍል ትምህርትም ይመለሳል።

ካርዳችሁን እንዲህ ፈትሹት። ከ100ው ውስጥ የፋይናሉን ብቻ ለዩ። ከ50 የሚታረመው ፋይናል ላይ 27 አግኝታችሁ፣ ቴስቱ፣ የቤት ሥራውና የቡድን ሥራው ተደምሮ ከ50 45 ቢሆን ካርዱ 72 ይላል። ብቻችሁን ወረቀት ፊት ስትቀመጡ ያላችሁ አቅም ግን 54 ነው። 54ቱን እመኑ። ቀጥሎ ያለፈ ዓመት የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ፈልጉ። ስልካችሁን ለእናታችሁ ስጡ፣ ሰዓት ያዙ፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሩት፤ ፈተናው ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም። የሚመጣው ቁጥር መጀመሪያ ያስደነግጣል። በጥቅምት መደንገጥ ግን በሐምሌ ከመደንገጥ ብዙ ይሻላል።

ልጄን ጥሩ ማርክ ወደሚሰጥ የግል ትምህርት ቤት ላዛውራት?

ማርኩን ብለው ከሆነ አያዛውሯት፣ ወይዘሮ። ገንዘብዎ ያሳዝነኛል።

ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሲገቡ ስለ ደረጃና ስለ አማካይ ውጤት ይነግሩዎታል። እርስዎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ፣ ስንቱ ማለፊያውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አመጣ?» ቁጥሩን ካልነገሩዎት ይሄ ራሱ መልስ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሰኔ ላይ አንደኛ የወጡ ልጆቻቸውን አጨብጭበው ሸልመዋል ብዬ አምናለሁ።

«50 በመቶ» ማለት በየትምህርቱ ነው ወይስ በድምሩ?

በድምሩ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና) ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና አፕቲትዩድ። በ2017 ዓ.ም. ከ600 የታሰበ ስለነበር ማለፊያው 300 ነበር። ፊዚክስ 35 ያመጣ ልጅ በባዮሎጂ ሊያካክሰው ይችላል።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ያመጡት ጥቂት ናቸው። በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እየጨመረ ነው፤ ቢሆንም ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ውጪ ይቀራል። ይሄን ቁጥር የምጽፈው ላስፈራችሁ አይደለም። ጎረቤት «የኔማ ልጅ ወደቀ» ብሎ አንገቱን ሲደፋ አየዋለሁ፤ ያ ልጅ ብቻውን አልወደቀም።

ከ50 በመቶ በታች ካመጣሁስ?

መጀመሪያ የሚታየው ሬሚዲያል ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረ የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ነው። 50 በመቶ ሳይሞላላቸው ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚቆርጠውን ነጥብ ያመጡ ተማሪዎች ግቢ ገብተው የመሰናዶ ትምህርት ይወስዳሉ። ሲጀመር ምዘናው 30 በመቶ ከዩኒቨርሲቲው፣ 70 በመቶ ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና ነበር። ያለፈ አንደኛ ዓመት ይቀጥላል። የመቁረጫ ነጥቡ ለወንድና ለሴት፣ ለዓይነ ስውራንና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ይለያያል፤ ከዓመት ዓመትም ይቀየራል። ስለዚህ የወንድማችሁን ጊዜ ነጥብ ይዛችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ አትዘናጉ።

ሬሚዲያል ካልደረሳችሁ በግል ተፈታኝነት ደግማችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ቴክኒክና ሙያም አለ። እዚሁ ፖሊ ቴክኒክ ገብተው የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፈው ዛሬ የራሳቸው ጋራዥ ያላቸው ተማሪዎች አሉኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የግል ኮሌጅ ለዲግሪ ሲመዘግባችሁም ሚኒስቴሩ ያወጣው የመግቢያ ነጥብ ይሠራል። «ነጥቡ ችግር የለውም፣ ብቻ ክፈል» የሚላችሁ ካለ ወጥታችሁ ሂዱ። ከዓመታት በኋላ ማስረጃው ሲጣራ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ክበብ ውስጥ መሳተፍ፣ ሰርተፍኬት መሰብሰብ ነጥብ ያስጨምራል?

ለመንግሥት ምደባ ምንም አይጨምርም። ቀይ መስቀል ክበብ ሊቀመንበር ብትሆኑም፣ ሚኒ ሚዲያ ብትመሩም፣ ክረምቱን ችግኝ ስትተክሉ ብትከርሙም ምደባው ይሄን አያይም።

ታዲያ ተዉት ማለት ነው? አይደለም። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ፈተናው ራሱ ነው። ከእንግሊዝኛው ሌላ የሒሳቡም፣ የታሪኩም፣ የባዮሎጂውም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ብዙ ልጅ ፎርሙላው ጠፍቶት ሳይሆን ጥያቄው ሳይገባው ነው የሚሳሳተው። አንድ የክፍሌ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያ የእንግሊዝኛ ዜና ያነብ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እጁ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱ በማይኩ ይሰማ ነበር። ዜናውን ለማዘጋጀት ማታ ማታ ማንበብ ነበረበት። ካርዱ ላይ እንግሊዝኛ ከ80 አልዘለለም፤ ብሔራዊው ላይ ግን ከክፍሉ የበለጠው እሱ ነው። ለክበቡ ነጥብ የሰጠው የለም፣ ክበቡ ያስለመደው ንባብ ግን ፈተናው ላይ አብሮት ነበር።

ሁለተኛው፣ ከምደባ ውጪ ያሉት በሮች ናቸው። እነሱ ሥራችሁን ይጠይቃሉ። ሩቅ ሳንሄድ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የሚሠራው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አለ። በዋናነት አካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች የሚደግፍ ነው፤ የካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲም አብሮ ይሠራበታል። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ከውጤት ጋር የቤተሰብ አቅምንና ለአካባቢ ያደረጋችሁትን ያያል። የውጭ አገር ስኮላርሺፕም እንደዚሁ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ኖሮት ቤት ያስቀመጠ ወላጅ ይሄን ካነበበ፣ እባክዎ ግቢው ድረስ ሄደው ይጠይቁ።

«እኔ ክበብ አልነበርኩም፤ ቅጹ ላይ ምን ልጻፍ?»

ይሄን የጠየቀኝን ልጅ አልረሳውም። ለውጭ ዕድል ቅጽ ሊሞላ እኔ ጋ መጥቶ «ከትምህርት ውጪ የምትሠራው» የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶታል። እኔ ግን ልጁን ጥር 10 ቀን አውቀዋለሁ። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከፊት ከፊት እየሮጡ ቀይ ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች አንዱ ነው። ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ይሸከሙታል፣ ወደ ፊት ሮጠው እንደገና ይዘረጉታል። ይሄን ሦስት ዓመት አድርጓል። የሰፈሩን ልጆች ተራ የሚያወጣው፣ ለምንጣፉ መግዣ መዋጮ የሚሰበስበውም እሱ ነው። «እሱን ጻፍ» አልኩት። «እሱማ ለበረከት ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሥራ ነው። ሰው ማስተባበር ነው። ገንዘብ በታማኝነት መያዝ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ታናናሾችን ማስተማር፣ ቅዳሜ ገበያ ከእናት ጋር ቆሞ ሒሳብ መያዝ፣ የታመመ አያት መጠበቅም እንደዚሁ። ቅጹ የሚፈልገው ምን እንደሠራችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ማን እንደተጠቀመ ነው። ካልሠራችሁት ጋር ግን አትቀላቅሉ። የአንድ ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት በፌስታል ሙሉ ከመያዝ፣ ሁለት ዓመት የዘለቀ አንድ ነገር ይበልጣል።

ለውጭ አገር ማመልከቻ ትራንስክሪፕት ስንት ዓመት ይጠየቃል?

ብዙ ጊዜ አራቱም። ለምደባ የማትደመረው ካርድ እዚህ ዋጋ አላት። 9ኛ ክፍል ላይ የወረደ ውጤት፣ 12ኛ ክፍል ላይ የወጣ ውጤት ችግር የለውም፤ እየጨመረ መሄዱ ይታያል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ነው።

ስማችሁን እዩ። ካርድ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስማችሁና ፓስፖርት ላይ ያለው በአንዲት ፊደል ከተለያየ ውጣ ውረዱ አያልቅም። «ቴዎድሮስ» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። 12ኛ ክፍል ሳትጨርሱ፣ ርዕሰ መምህሩም መዝገብ ቤቱም በቅርብ ሳሉ አስተካክሉት። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ መሆኑ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አንባቢው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያስባችኋል። ማኅተሙ ይነበብ። ሁለት ሦስት ኮፒ አሠሩ።

ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። የራሴን የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ከዓመታት በኋላ ልጠይቅ ስሄድ መዝገቡ ያለበት ክፍል ጣሪያው አፍስሶ ገጾቹ ተጣብቀው ነበር። የእኔ ስም ያለበት ገጽ ሲላቀቅ ግማሹ ቀለም ከማዶው ገጽ ላይ ቀረ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር ደግሞ የሚያውቃችሁ ይሁን፤ ሥልጣን ያለው መሆኑ አያስፈልግም። እና ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቁን እንጂ ነገ ይዘጋል ብላችሁ ማታ አትደውሉ።

ጎንደር ስለምኖር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይደርሰኛል?

በዚህ ብቻ አይደርሳችሁም። ምደባው አገር አቀፍ ነው፤ ውጤትና ምርጫ ያወዳድራል። የጤና ችግር፣ አካል ጉዳት፣ የምታጠባ እናት መሆን፣ መንታ መሆን በማስረጃ ሲቀርብ በልዩ ሁኔታ ይታያል። «እናቴን ጥዬ አልሄድም» ግን አይታይም፤ ያሳዝናል፣ ግን አይታይም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የምትመኙ፣ እሱ ራስ ገዝ ሆኗል። ብሔራዊውን ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ አመልክታችሁ የራሱን የመግቢያ ፈተና ትፈተናላችሁ።

ሕክምና ለመግባት ስንት ማምጣት አለብኝ?

በመጀመሪያ 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ አለባችሁ። ጓደኛ ተከትሎ ሶሻል ገብቶ 12ኛ ላይ ሐኪም ልሁን የሚል ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። መንገዱ እዚያ ላይ ይዘጋል።

ቀጥሎ፣ ግቢ መግባትና ሕክምና መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው። ዲፓርትመንት ሲመደብ የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) ከብሔራዊ ፈተናው ውጤት ጋር አብሮ ይታያል፤ ድርሻውን ዩኒቨርሲቲው ይወስናል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ነጥብ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ። የጎንደሩ ኮሌጅ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ነው፤ ከየአቅጣጫው ጎበዝ የሚመጣበት ነው። «አለፍኩ» ብሎ መስከረም ላይ የተዝናና ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር አጋማሽ ፈተና (ሚድ) ይደነግጣል።

በጸጥታው ችግር አንድ ዓመት ተኩል ትምህርት አቋርጫለሁ። አልቆልኛል?

አላለቀም። ይሄን ጥያቄ ከደንቢያም፣ ከወገራም፣ ከጭልጋም ከመጡ ልጆች ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጥፋቱ የናንተ አይደለም።

የጨረሳችሁትን ክፍል ማስረጃ አሁኑኑ ሰብስቡ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከተቋረጠበት ክፍል ቀጥሉ፤ በዕድሜ ከክፍሉ በልጣችሁ መቀመጥ አያሳፍርም። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የ22 ዓመት ተማሪ አለኝ፤ ከእሱ በላይ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም።

የተዘለለውን ክፍል ካርድ «በገንዘብ እናሠራልህ» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። እንዳትነኩት። ፎርጅድ ካርድ ምዝገባ ላይ ባይያዝ ዲግሪ ላይ ይያዛል። የጠፋውን የሒሳብ ትምህርት ደግሞ ካርዱ አይመልሰውም። እኔ ጋ ኑ፣ ወይም የሰፈራችሁን የሒሳብ መምህር ጠይቁ። አብዛኞቻችን በነፃ እናስረዳለን።

ፈተናው ሳምንት ምን ይዤ ልግባ?

አድሚሽን ካርድ፣ መታወቂያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። ስልክና ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ቤት ይቅር፤ በር ላይ ይፈተሻል። ግቢ ውስጥ ስለምታድሩ አንሶላና ብርድ ልብስ ያዙ። ጊዜው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው። ወፍራም ካልሲ ጨምሩ፤ ማራኪ ግቢ ሌሊቱ ይበርዳል፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ጠዋት የሒሳብ ጥያቄ ሁለቴ ያነባል።